ሰፋ ተደርጎ የታዘዘው የጠላቂ ልብስ

ቀራንዮ መንገድ ላይ ለልጁ ዩኒፎርም ያሰፋ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ስሜ ብርቅዬ ነው፤ አንዳንዱ ግን «ብርቅዬ ይደግበት» ይለኛል። ልክ ናቸው። የልጅ ልብስ ስቆርጥ ከልኩ ላይ ሦስት ጣት እጨምራለሁ፣ የሱሪውን ጫፍ ደግሞ ወደ ውስጥ አጥፌ እሰፋለሁ። ልጁ ሲረዝም እናትየው ስፌቱን ትፈታና ታወርደዋለች። አንደኛ ክፍል በገባበት ሱሪ ሦስተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ በሰፈራችን ሞልቷል። ልጆቹ አይወዱኝም። እናቶቹ ግን ይወዱኛል፤ የሚያሰፉት ደግሞ እናቶቹ ናቸው።

አሁን የማወራው ስለ ልጄ ስለ ምሥራቅ ነው። ምሥራቅ ጠላቂ ናት። ዋናተኛ አላልኩም፤ ዋናማ ላይ ላዩን ነው። እሷ የአየር ሲሊንደር አዝላ፣ መተንፈሻውን አፏ ውስጥ ነክሳ፣ ታች ወርዳ እዚያ ሥራ ትሠራለች። ኮልፌ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር! ሰው ሲሰማ ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ ከዚያ ለመድኩት። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዳውሮ ሰው ነበር፤ «ኦሞን በዋና ተሻግሬያለሁ» እያለ ሲጎርር ማንም አላመነውም። ከሱ የወረሰችው ይሆናል። ላንጋኖ አንድ ሎጅ ውስጥ ዋናተኞች እንዳይሰምጡ ስትጠብቅ አንድ የውጭ ሰው መጥለቅ አስተማራት፤ ከዚያ ጅቡቲ ሄዳ ተፈትና ወረቀቷን ይዛ መጣች።

ነገሩ የጀመረው ጋዲሳ የደወለላት ቀን ነው። ጋዲሳ ግድብ ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች አለቃ ነው። ወርደው የውሃ በሩን የዘጋውን ግንድና ደለል ያነሳሉ፣ ብረቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ ያያሉ። አንድ ሰው ጎድሎበት ነበር። ምሥራቅ ድምፁን ከፍታ ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«የራስሽን ዕቃ ይዘሽ ቢሾፍቱ ትመጫለሽ» አላት። «ሐይቁ ውስጥ አብረን እንወርዳለን። የሰጠሁሽን ሥራ ሠርተሽ፣ ቆዪ ያልኩሽን ያህል ቆይተሽ ከወጣሽ ሥራ ገባሽ። ካልሆነ ሌላ ሰው አለ፤ ሁለተኛ ቀን አልሰጥም።»

«እሺ» አለች።

«ዕቃ ስትገዢ ደግሞ የዛሬን ብቻ አትዪ። ከበረታሽ ወደፊት ጥልቁን አስይዝሻለሁ፤ ሁለት ሲሊንደር የሚታዘልበትን፣ ቅር ሲልሽ ቶሎ ወደ ላይ መውጣት የማይቻልበትን። ያን ቀን የምትጥዪውን ዕቃ ዛሬ አትግዢ።»

ስልኩን ዘጋችና አቀፈችኝ። ከጅቡቲ ከመጣች ጀምሮ ይህን ሥራ ስትመኝ ነው የኖረችው። ላንጋኖ ላይ የሰከረ ሰው በእጁ እየጎተቱ ማውጣት ሰልችቷታል።

ዕቃውን የሚያመጣው ረሻድ ሆነ። ረሻድ የጎረቤቴ የሃፊዛ ልጅ ነው፤ ጦር ኃይሎች ሰፈር ሱቅ አለው፤ ዱባይ እየተመላለሰ ከስልክ ሽፋን እስከ ጥርስ ሐኪም ወንበር ያመጣል። አንድ ከሰዓት የስፌት ቤቴ ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥንና ምሥራቅ በስልኳ ፎቶ ታሳየን ጀመር።

መጀመሪያ ያሳየችን ሲሊንደሩን የሚሸከመውን ነገር ነው። አንደኛው እንደ ሰደርያ የሚለበስ ነው፤ ሐምራዊ ቀለም አለው፣ ኪስ አለው፣ ዚፕ አለው።

«ይሄ ነው!» አልኩ። «አለቀ።»

«ቆይ እማ፣ ይሄንንም እዪ።»

ሁለተኛው ከጀርባ የሚውል የብረት ዝርግ ነው። ብረቱ ላይ ረጅም ቀበቶ ተጠላልፎበታል፣ ከኋላው ጥቁር የአየር ከረጢት አለው። ሌላ ምንም የለውም።

«ይሄ የአህያ ኮርቻ ነው» አልኩ። «ልጄን አላስለብሳትም።»

«ማዘር፣ የአህያ እንኳ ፍራሽ አለው!» አለ ረሻድ።

«እሱን ነው የምፈልገው» አለች ምሥራቅ።

«ምኑን ነው የምትፈልጊው?»

«ሰደርያው በልክ በልክ ነው የሚሸጠው። ተሰፍቶ ያለቀ ነው፤ አንድ ቦታ ሲቀደድ ሙሉውን መጣል ነው። ሁለት ሲሊንደርም አይችልም። ይሄ ግን ብረት ነው፤ እኔ አርጅቼም እሱ አለ። ቀበቶው ካለቀ ቀበቶውን ብቻ መቀየር ነው። ዛሬ ትንሽ ከረጢት አድርጌ አንድ ሲሊንደር አዝላለሁ፤ ጋዲሳ ጥልቁን ሲፈቅድልኝ ከረጢቱን በትልቅ ቀይሬ ሁለት አዝላለሁ። ብረቱ ያው ነው። ልክ እንዳንቺ ሱሪ፤ እያወረዱ መልበስ።»

ስልኩን ከእጇ ወስጄ ቀበቶውን በጣቴ አጎላሁት።

«የት ጋ ነው የተሰፋው?»

«አልተሰፋም። አንድ ወጥ ነው፤ በብረቱ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። ሲያስፈልግ ይጠብቃል፣ ሲያስፈልግ ይላላል።»

«ስፌት የሌለው ነገር አይተረተርም» አልኩ። «ይሁን። ግን ያስጠላል።»

«ውሃ ውስጥ ማን ያየኛል?»

«ዓሣው» አለ ረሻድ።

ቀጥሎ ሬጉሌተሩ መጣ። አየሩን ከሲሊንደሩ ወደ አፍ የሚያመጣው እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ምሥራቅ ዓይኗ አንድ አዲስ፣ ቀላል፣ እንደ ሰዓት የሚያብረቀርቅ ላይ አርፏል። ስለ ቅለቱ አወራች፣ ስለ አሠራሩ አወራች። ጠበቅኳትና አንድ ነገር ጠየቅኩ።

«መለዋወጫ አለው?»

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን ታዩኛላችሁ? እዚህ አገር መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ምን ይጠይቃል? የልጄ ትንፋሽ ከመኪና ያንሳል?»

ረሻድ ከት ብሎ ሳቀ፤ ምሥራቅ ግን አልሳቀችም። ጅቡቲ ያስተማራት ሰው ጋ ደወለች። ለአዲሱ መለዋወጫ ከአውሮፓ ካልመጣ አይገኝም አላት። ከነሐስ የተሠራውን የድሮውን ግን እዚያው ጅቡቲ ፈትተው ይጠግኑታል፣ ላስቲኩም ሞልቷል። ደግሞም ከሲሊንደሩ ጋር እንደ ብሎን ጠልቆ የሚታሰር ነው፤ ከላይ ቆንጥጦ እንደሚይዘው ዓይነት በግጭት አይላቀቅም፤ ጥልቁ ውስጥ የሚወርዱ ሰዎችም የሚመርጡት እሱን ነው። ነሐሱ ተመረጠ።

ያን ቀን አንድ ነጥብ አስቆጠርኩ። ጥፋቱም የመጣው ከዚያ ነው፤ ራሴ ጠላቂ የሆንኩ መሰለኝ።

ረሻድ ዱባይ ሄደ። ምሥራቅ ሥራዋን ለማስረከብ ላንጋኖ ወረደች። እኔ ማሽኔ ላይ ቁጭ ብዬ ኮሌታ ስሰፋ ስልኬ ጮኸ።

«ማዘር፣ ሁሉንም ገዝቻለሁ፤ የቀረው የመጥለቂያው የላስቲክ ልብስ ነው። ልኳን ሳትልክልኝ ስልኳ አልሠራ አለኝ። ሱቁ ሊዘጋ ነው፣ ነገ በረራ አለኝ።»

«የልጄን ልክ እኔ አላውቅም?» አልኩና ነገርኩት። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ክንድ፣ ቁመት። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ጣቴን ጨመርኩ። አስቤበት አይደለም፤ አፌ የለመደው እንዲያ ነው። ደግሞ ጋዲሳስ ወደፊት የሚሆን ግዢ አላለም?

«እርግጠኛ ነዎት?» አለ ረሻድ። «ሻጩ ይሄ ልብስ ሰውነት ላይ ተጣብቆ ነው የሚለበሰው እያለ ነው።»

«ሻጩ የት ያውቃታል? የወለድኳት እኔ ነኝ!»

ረሻድ ሲመለስ ሻንጣውን የስፌት ቤቴ ውስጥ ፈታነው። ብረቱ አማረ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ሳየው አማረኝ። ሬጉሌተሩ እጅ ላይ ከበድ ይላል። መነጽሩ ጥቁር ነው፤ የእግር መቅዘፊያዎቹ ወፍራም ላስቲክ ሆነው ተረከዛቸው ላይ በላስቲክ ፈንታ የብረት ሞላ አላቸው፣ እሱም ቶሎ አይበጠስም። ምሥራቅ እንደ ሕፃን ትዘል ነበር። ከዚያ ልብሱን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች።

ስትወጣ ጀርባዋ ላይ ላስቲኩ ተጨማዷል፤ ብብቷ ስር ጆንያ የተንጠለጠለ ይመስላል።

«ማዘር፣» አለ ረሻድ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ሁለት ምሥራቅ ያስገባል።»

«እማ፣ ልኬን ማን ሰጠው?»

«እኔ።»

«ጨመርሽበት አይደል?»

«ሦስት ጣት።»

«ከየቱ ላይ?»

«ከሁሉም ላይ።»

«እማ! ሃያ አራት ዓመቴ ነው! ወዴት ነው የማድገው?»

«ትወልጃለሽ፣ ትወፍሪያለሽ!»

«ውሃ ውስጥ ነው የምወልደው?»

ረሻድ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ደጅ ወጣ። ምሥራቅ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ልብሱ ውሃ አያግድም። በአንገቱና በእጅጌው ጫፍ ትንሽ ውሃ ያስገባል፤ ያንን ውሃ ሰውነት ያሞቀዋል፣ እሱ ነው ሰውን የሚያሞቀው። ልብሱ የሚጣበቀው ሙቁ ውሃ እንዳያመልጥ ነው። ሰፊ ከሆነ ግን በተንቀሳቀሰች ቁጥር ሙቁ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይገባል።

«ጋዲሳ ቆዪ የሚለኝን ያህል አልቆይም» አለች። «ጥርሴ መንቀጫቀጭ ሲጀምር መተንፈሻውን መንከስ ያቅተኛል። ቅዳሜ ነው ቀኑ። ሁለተኛ ቀን አልሰጥም ብሏል።»

ልጄ ስትናደድ ትጮሃለች እንጂ አታለቅስም። ያን ቀን አለቀሰች። እኔ ደግሞ የሰው ልጅ ሲያለቅስ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልበትም።

«አውልቂው» አልኳት። «እናጠብበዋለን።»

«በመርፌ ከወጋሽው በየቀዳዳው ሙቁ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይገባል።»

ወደ ውስጥ አጠፍኩት። የታጠፈው ቦታ የመርከብ ገመድ አከለ፤ ምሥራቅ በእጇ ዳሰሰችውና «ይሄ ቆዳዬን ይልጠዋል» አለች። ያለው መንገድ መቁረጥ ብቻ ነው፤ ትርፉን ቆርጦ መጣል፣ ጫፍና ጫፉን በማጣበቂያ ማገጣጠም፣ ከዚያ ላዩን ብቻ እየያዙ በእጅ መስፋት። መርፌው ወደ ውስጥ ካልዘለቀ ውሃ አያስገባም። ጅቡቲ ሲጠግኑ አይታለች።

ዕድሜዬን ሙሉ ትርፍ ጨርቅ ቆርጬ ጥዬ አላውቅም። የታጠፈ ይፈታል፣ የተቆረጠ አይመለስም። መቀሱን ይዤ ቆምኩ።

«ልቁረጠው?» አለች ምሥራቅ።

«አንቺ? ፎጣ አጣጥፈሽ የማታውቂው?»

ልብሱን በላይዋ አልብሻት ትርፉን በኖራ አሰመርኩ፤ አወለቀች፤ ቆረጥኩት። ወለሉ ላይ የወደቀውን ቁራጭ ሁሉ ለቅሜ ያዝኩ።

ማጣበቂያ ፍለጋ ጋሽ ገሜዳ ጋ ሄድን። ጋሽ ገሜዳ ጦር ኃይሎች አካባቢ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲለጥፍ ነው ያረጀው። ልብሱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ጎማ ነው ይሄ» አለ። «የምን መኪና ነው?»

«የኔ ነው» አለች ምሥራቅ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ለብሰሽ የት ልትሄጂ ነው?»

«ውሃ ውስጥ፣ ጋሽዬ።»

«ታዲያ ባኞ አይሻልሽም?»

በቁራጮቹ ላይ ሞከርን። የመጀመሪያው ማስቲሽ ደርቆ ሲለጠጥ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ጎተት ሲሉት አብሮ ተሳበ። ሦስተኛው ያዘ፤ ጋሽ ገሜዳ በሱ የልብሱን ሁለት ጫፍ ቀባና በእጁ እያራገበ አስጠበቀን። «አትቸኩሉ፤ ጣት ላይ መያዙን ሲተው ነው የሚገጠመው» እያለ ሁለቴ ቀባው። ከዚያ እኔ በቀጭን መርፌ፣ ላዩን ብቻ እየቆነጠርኩ ሰፋሁት። እንዲህ ያለ አድካሚ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም። ምሥራቅ አጠገቤ ሆና «ጠለቀ እማ፣ ጠለቀ!» ስትል አንገቴ ሊሰበር።

መፈተኛችን የጎሚስታው ባኞ ሆነ፤ የተበሳ ጎማ እየነከረ አረፋ የሚያይበት። እጅጌውን ከሁለት በኩል አስረን አየር ነፋንበትና ነከርነው። ቀሪው ልብስ ባኞው ላይ ተዘርግቶ እጁ ውሃ ውስጥ፣ እግሩ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። ታክሲ ላይ የተንጠለጠለ ረዳት ሲያልፍ አይቶን ጮኸ።

«ፋዘር! ሰውየው ሰመጠ እንዴ?»

«ሒሳብ ሳይከፍል ነው የሰመጠው!» አለ ጋሽ ገሜዳ።

ብብቱ ጋ ጥቃቅን አረፋ ወጣ። አደረቅን፣ እንደገና ቀባን፣ እንደገና ነከርን። ሁለተኛው ላይ አረፋ አልነበረም። ምሥራቅ ጋሽ ገሜዳን ግንባሩን ሳመችው።

ቅዳሜ ረሻድ በመኪናው ቢሾፍቱ ወሰደን። ምሥራቅ «አንቺ ቅሪ» ብላኝ ነበር፤ አልቀረሁም። ጋዲሳ ሐይቁ ዳር ይጠብቀናል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙ የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ዕቃዋን አንድ በአንድ አነሳ። ብረቱን በጣቱ መታ፣ ሬጉሌተሩን ወደ ብርሃን ዞር አድርጎ አየ። ቀበቶው ላይ ሲደርስ ጫፉን ጎተተ።

«ይሄ ረዝሟል፤ ይቆረጥ።»

«አይቆረጥም» አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። ምሥራቅ ዓይኗን ጨፈነች።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«እናቷ። ጥልቁ ላይ ስትደርስ ወፍራም ልብስ አይደል የምትለብሰው? ያኔ ቀበቶው ቢያጥራት ከየት ታመጣለች? ወደ ውስጥ ታስገባው።»

ጫፉን ለቀቀና «ይቀመጥ» አለ። ልብሱን ስትለብስ ደግሞ ክንዷን አነሳና የብብቷን ስፌት አየ። «ይሄስ?»

እውነቱን ነገርኩት፤ ከነጎሚስታው። አልሳቀም። ወደ ምሥራቅ ዞሮ «ከተከፈተ አብቅቷል፤ እንወጣለን» አላት። «ሌላ ቀን እንደሌለ ታውቂያለሽ።»

ወረዱ። ጋዲሳ ታች የዛገ የብረት በር አስቀምጧል፤ ብሎኖቹን ፈትታ መልሳ ታስራለች፣ ከዚያ ባለችበት ተንሳፍፋ እሱ የሚላትን ያህል ትቆያለች። እኔ ዳር ቆሜ አረፋውን እጠብቃለሁ። ሁለት ቦታ ውሃው ይፈላል፤ የቱ የሷ እንደሆነ አላውቅም፣ ስለዚህ ሁለቱንም መጠበቅ ነበረብኝ።

«ማዘር፣ ይቀመጡ እንጂ» አለ ረሻድ።

«አንተ ተቀመጥ።»

«እኔማ ተቀምጫለሁ።»

«ታዲያ ዝም በል።»

ብዙ ቆዩ። ከዚያ አረፋው ቀስ ብሎ ወደኛ መጣ፤ መጀመሪያ የሷ ጭንቅላት ወጣ፣ ቀጥሎ የሱ። ፊቷን ሳይ ገባኝ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ግራ ክንዷን ስታነሳ የተጣበቀው አንድ ጣት ያህል ርዝመት ለቆ በክሩ ብቻ ተይዟል። ሮጬ ጋቢዬን አለበስኳት።

«ብሎኑን ጨርሼ፣ መቆየቱ ላይ ስደርስ ተከፈተ» አለች ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። «ብርዱ ገባ። መታገስ እችል ነበር። ግን ነገርኩት። በእጄ ምልክት ሰጠሁት፣ ወጣን። አበቃ እማ።»

«ለምን ነገርሽው?» አልኩ። እውነቴን ነው፤ እኔ ብሆን ጥርሴ ቢረግፍ አልነግረውም ነበር።

ጋዲሳ መቅዘፊያውን እያወለቀ ሰማኝ።

«ባትነግረኝ ኖሮ ነው የሚያበቃው» አለ። «ባለፈው የሞከርኩት ልጅ በርዶት 'ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ' እያለ ቆየ፤ ወደ ላይ ሲመጣ ጣቱን ማጠፍ አልቻለም። እንዲህ ያለ ሰው ጥልቁ ላይ ራሱንም እኔንም ይገድላል። ብሎኑን በደንብ አስራለች፤ አይቼዋለሁ። መቆየቱን ሌላ ቀን ትቆያለች።»

«ሌላ ቀን የለም ብለህ አልነበር?» አለ ረሻድ።

«ለማታምነው ሰው ነው የሌለው።» ከዚያ ምሥራቅን አያት። «ሰኞ ሳምንት ግድቡ ላይ ሥራ አለን። ዕቃሽን ይዘሽ ነይ። ብረቱንም ሬጉሌተሩንም የመረጠ ሰው አውቆ ነው የመረጠው።»

ምሥራቅ ጮኸች። ረሻድን አቀፈችው፣ እኔን አቀፈችኝ፣ ጋዲሳን ልታቅፍ ስትል እሱ እጁን ዘረጋላት። እኔ አለቀስኩ፤ ቀዝቃዛ ውሃዋ ቀሚሴን አርሶብኝ ነው ብዬ ዋሸሁ።

ጋዲሳ ከመኪናው አንዲት ቆርቆሮ አምጥቶ ሰጠኝ። ለዚህ ልብስ ተብሎ የተሠራ ማጣበቂያ ነው። «ስፌትዎ አልተነቃነቀም» አለኝ። «የከዳው ማስቲሹ ነው። በዚህ ይድገሙት።»

«ታዲያ ይሄ እያለህ ቀድመህ አትናገርም ነበር?»

«ቀድመው አልጠየቁኝማ።»

ሐይቁ ዳር ዓሣ አዘዝን። ምሥራቅ በጋቢው ተጠቅልላ፣ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ ከሁላችንም በላይ በላች። ከንፈሯ ቀለሙ ተመለሰ። ረሻድ ቀጣዩን ጉዞ ያወራል፤ የሁለት ሲሊንደሩን ከረጢት ራሴ አመጣዋለሁ ይላል፤ እሷም ዘንድሮ አይደለም፣ ገና ነው፣ መጀመሪያ ልማር ትለዋለች። ጋዲሳ ስለ ግድቡ ይነግራታል፤ ውሃው ጭቃ ስለሆነ በእጅ እየዳሰሱ ነው የሚሠራው፣ የሬጉሌተሩን አፍ ከደለል መጠበቅ አለብሽ ይላታል። እሷ አፏን ከፍታ ትሰማለች። እኔም ሰማሁ፣ ሰማሁና አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ጋዲሳ፣» አልኩት፣ «ግድቡ ውስጥ አዞ አለ?»

ጋዲሳ ምሥራቅን አያት። ምሥራቅ ሐይቁን አየች።

«እማ፣» አለች ሳህኑን ወደኔ ገፋ አድርጋ፣ «ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»